የብሎክ ሠላሳ ሰባት መነሻ ደም

በሰንበሌጥ ሜዳ ሳይት ሰው ጠዋት ከፊቱ በፊት ጣቱን ይታጠባል። የግራ እጅ ቀለበት ጣት፣ በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ደረጃውን ወርዶ የብሎኩ መውጫ ላይ ይሰለፋል። መርፌዋ ጠቅ ታደርገዋለች፤ አንዲት ጠብታ ደም ጥፍር በሚያካክሉ ሁለት የብረት ሳህኖች መካከል ትገባለች፤ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ከብሎኩ መነሻ፣ ማለትም ለብሎኩ ከተቀመጠው የደም ቁጥር ጋር ከተስማማ በሩ ይከፈታል። ካልተስማማ ቀይ ይበራና ሰውየው ወደ መጣበት ይመለሳል። መታወቂያ ካርድ ድሮ ቀርቷል። አሻራ ተሰረቀ፣ ፊት ተሰረቀ፣ ድምፅማ የማንም መጫወቻ ሆነ። ከአንድ ቧንቧ የሚጠጣና ከአንድ ሱቅ የሚበላ ሰው ደሙ ይመሳሰላል ተባለና፣ በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓ.ም. ጎረቤት ማለት ቁጥሩ የተቀራረበ ሰው ሆነ። ከብሎኩ የሚወጣ ሁሉ፣ እንግዳም ቢሆን፣ በብሎኩ መነሻ ይለካል፤ ዘመድ መጠየቅ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚከራከር ካለ በሩ ላይ ሄዶ ይከራከር።

የብሎክ ሠላሳ ሰባት ለኪ ትርሲት አበጋዝ ትባላለች። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው፤ አሥራ አንዱን ዓመት ያሳለፈችው በሩ አጠገብ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዋን ትወደዋለች። ያስተማሯት ጋሽ ኅሩይ የሚባሉ ሽማግሌ «ደም ውኃ አይደለም፤ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ሕዝብ ነው» ይሏት ነበር። እያንዳንዷ ቅንጣት ቻርጅ ተሸክማለች። እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስለሚገፋፉም አይዘቅጡም። ወተትም እንዲሁ ነው፣ የክረምት ደፍራሽ ውኃም እንዲሁ። ኤሌክትሪኩ ወዲያ ወዲህ ሲል እነሱም አብረው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ የሚለካው ይኼ መወዛወዛቸው ነው። ጣጣው ሳህኖቹም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ፊታቸው ላይ የሚጠራቀመው ቻርጅ ከራሱ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ አጠራጣሪ ጠብታ ሲመጣ ለኪዋ ሳህኖቹን አቀራርባ ትለካለች፣ አራርቃ ትለካለች፣ ከልዩነቱ የሳህኖቹን ድርሻ አውጥታ ትቀንሳለች። «ሳህን የጨመረውን ሳትቀንሺ ስለ ሰው አፍሽን እንዳትከፍቺ!» ይሉ ነበር ጋሽ ኅሩይ፣ ጣታቸውን እየነቀነቁ። ትርሲት ይኼን አንድም ቀን ዘንግታው አታውቅም።

ዘንድሮ የየብሎኩን በር የሚቆጣጠረው ማዕከል መሥፈርቱን አጠበበው። ድሮ አሥር ወዲህ አሥር ወዲያ ይፈቀድ የነበረው ሁለት ብቻ ሆነ። እያንዳንዱ ብሎክም አዲስ መነሻ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ፦ የሃያ ጤነኛ ነዋሪዎች ደም ተቀላቅሎ፣ በብልቃጥ ታሽጎ፣ የለኪው ፊርማ አርፎበት። አንድ ጊዜ ከታሸገ እስከ ዓመቱ አይነካም፤ ማሸጊያውን የነካ እንደሆነ በሩ በራሱ ይቆለፋል። ሌሎቹ ለኪዎች ሰው ለመለመን ሳምንት ፈጀባቸው። ትርሲት በአንድ ዓርብ ከሰዓት ጨረሰችው። ከቅዳሴ የሚመለሱትን የዕድር ኮሚቴ አባላት በር ላይ ጠብቃ፣ እሷን ጨምሮ ሃያ ሰው ሞላች። ሁሉም የተመሰገኑ ሰዎች ናቸው። መነሻው ሰባ አንድ ሆነ፤ ቁጥሩ ደግሞ እንዴት ያለ የጠራ ነው! ማዕከሉ ሳይቀር «ብቁ ሥራ» ብሎ ጻፈላት።

በማግስቱ ሃያ ሦስት ሰው ቀይ ወጣበት። ከሃያ ሦስቱ አንዱ ጋሽ ሙዘይን ናቸው።

ጋሽ ሙዘይን ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የከተማ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አምስተኛ ፎቅ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘይነባ ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው። እትዬ ዘይነባ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል የገቡት ቀዩ ከመብራቱ ሁለት ቀን በፊት ነው። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ሆስፒታሉ ደግሞ የባል ጠብታ እዚያው፣ ሐኪሙ ፊት፣ ቅጹ ላይ ካላረፈ ቢላ አያነሳም፤ ልጅ እንዳይፈርምላቸው አልወለዱም። ቀይ የሆነ ሰው ደግሞ አርባ ቀን ነው ያለው። በአርባኛው ቀን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ስሙን ይዘጋዋል፤ ስሙ የተዘጋ ሰው ባልም አይደል፣ አባትም አይደል፣ ለማንም መፈረም አይችልም። በማሽን የማይዘጋው የለኪ ስም ብቻ ነው። ለኪ አርባ ቀን ቀይ ከሆነ ከማዕከሉ አንድ ሰው በአካል መጥቶ ይዘጋዋል ይላል ደንቡ። ትርሲት በአሥራ አንድ ዓመቷ የማዕከል ሰው በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ጋሽ ሙዘይን በየጠዋቱ የወተት ፔርሙዛቸውን በብብታቸው ይዘው ይወርዳሉ።

«ትርሲት፣ ዛሬስ?»

«ሰባ ስምንት ነው ጋሽ ሙዘይን።»

«ትናንትም ሰባ ስምንት ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ? ቁጥሩን እኔ አልወልደው!»

ሰባት ጊዜ በእጇ ለክታላቸዋለች፤ አቀራርባ፣ አራርቃ፣ የሳህኖቹን ድርሻ ቀንሳ። ሰባ ስምንት። በንጹሕ ሕሊና ፈረመችባቸው። የሚያናድደውም ይኼ ነው፤ ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

ፋሲካ ደረሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። በማግስቱ ሰኞ ማዕከሉ በዓል አያውቅምና ሰው ጣቱን ታጥቦ ተሰለፈ። የመጀመሪያው ቀይ። ሁለተኛው ቀይ። የዕድሩ ሊቀ መንበር ከነከረባታቸው ቀይ! «ኧረ በሕግ አምላክ፣ መነሻው ውስጥ የእኔ ደም አለበት እኮ!» ብለው ጮኹ፤ በሩ አልሰማቸውም። እስከ ሁለት ሰዓት ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ሰው ግቢው ውስጥ ተከማቸ። የዳቦው መኪና ሾፌርም እዚሁ ነዋሪ ነበርና ዳቦ ቀረ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አረንጓዴ የበራላቸው እማሆይ ጽጌ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም «ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» እያሉ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

ትርሲት በመጨረሻ የራሷን ጣት ሰጠች። ሰማንያ ሦስት። ቀይ።

አላመነችም። ሳህኖቹን አጠበች፣ አቀራርባ ለካች፣ አራርቃ ለካች። ሰማንያ ሦስት። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያ በር ለእሷም ግድግዳ ሆነባት።

ጋሽ ሙዘይን እንደ ልማዳቸው ፔርሙዛቸውን ይዘው ወረዱ። «እንኳን አደረሳችሁ! ምነው፣ ብሎኩ ሁሉ ግቢ ወጣ?»

«ሁሉም ቀይ ነው። እኔም ጭምር።»

ሽማግሌው ግራ ቀኙን አዩና ሳቃቸው መጣ። «ትናንት ምን በላችሁ?»

«ምን እንበላለን፣ ዶሮ ነዋ! ቅቤው፣ አይቡ፣ ሥጋው...»

«በሉ እንግዲህ፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ የበላሁትን በላችኋ!»

ለቀልድ ነው ያሉት። ትርሲት ግን አልሳቀችም። ወደ ክፍሏ ገብታ የመነሻውን ብልቃጥ ከነመስታወት ሳጥኑ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ወረቀቱ ላይ የገዛ እጅ ጽሑፏ አለ፦ ዓርብ፣ የሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት። ስሞቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ዲያቆኑ፣ ለፋሲካም ቢሆን ሥጋና ቅቤ የማይነኩት እማሆይ ጽጌ፣ ሃያኛዋ እሷ። ሃያውም ጿሚ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቅቤ ያልቀመሱ፣ ወተት ያልነኩ፣ በዚያ ላይ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋቸው ያልዞረ። ቅባት የሌለው ደማቸው ተቀላቀለና የብሎኩ ሕግ ሆነ። ሃያ ሦስቱ ቀዮችስ? ሙስሊሞቹ ቤቶች፣ ፕሮቴስታንቶቹ ባልና ሚስት፣ ሐኪም አትጹሚ ያላት ነፍሰ ጡር። አራቱ ደግሞ ሁዳዴን በድብቅ የገደፉ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱማ ምክንያቱን ልባቸው ቢጠረጥርም አፋቸውን ለጉመው ነው የተቀመጡት።

ዕድሜ ልኳን ሳህን የጨመረውን ስትቀንስ ኖራለች። እሷ የጨመረችውን ግን የቀነሰ አልነበረም። አፈረች፤ ፊቷ እስኪቃጠል አፈረች። ወጥታ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«ጋሽ ሙዘይን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መነሻውን የወሰድኩት በጾም ነው። ከጿሚ ብቻ።»

ጋሽ ሙዘይን ፔርሙዛውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ሳቃቸው ጠፋ። «ሠላሳ ስምንት ቀን» አሉ። «ሠላሳ ስምንት ቀን ጣቴን ስትወጊ፣ አንድ ቀን እንኳ ምን በልተው አደሩ ብትይኝ ምን ነበረበት? ዘይነባን እስከ ረቡዕ ነው የምንጠብቃት ብለውኛል። ረቡዕ! ስሜም የሚዘጋው ረቡዕ ነው። አንቺ ለቁጥርሽ ስትጨነቂ እኔ ሚስቴን ልቀብር ነው?»

ወደ ማዕከሉ ደወለች። ለስላሳ ድምፅ አነሳ።

«ውድ ለኪ፣ እንደምን አደሩ። እባክዎ ጣትዎን ያኑሩ።»

አኖረች።

«ጠብታዎ ከመነሻው ጋር አልተስማማም። ቃልዎ አይመዘገብም። መልካም በዓል።»

«መነሻው ነው እኮ የተሳሳተው! እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ የእኔ ጥፋት ነው እያልኩህ!»

«መልካም በዓል» አለና ተዘጋ።

ብልቃጡን መንካት በሩን ለሁሉም መቆለፍ ነው። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የሰዉን ደም ቁጥር ወደ ብልቃጡ ቁጥር ማውረድ። ትርሲት የግቢውን ድምፅ ማጉያ ከፈተችና መውጣት የሚፈልግ ሁሉ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ቅባት እንዳይነካ ለፈፈች። ይሰድቧት ጀመር። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው ገና ትናንት የፈቱ ሰዎች ናቸው፤ ድስቱ ገና ግማሽ ነው። እማሆይ ጽጌ ሲመለሱ ሰሙና ቀጥታ ወደ መስታወቱ ክፍል መጡ።

«ልጄ፣ በሃምሳው ቀን ይጾማል እንዴ? ቤተ ክርስቲያን የከለከለችውን አንቺ በሎድስፒከር ታውጂያለሽ?»

«ለጽድቅ አይደለም እማሆይ፣ ለበሩ ነው።»

እማሆይ በሩን አዩ፣ እሷን አዩ። «ከመቼ ወዲህ ነው ለበር የሚጾመው?» ብለው አማተቡና ሄዱ።

ጋሽ ሙዘይን ግን ወንበር ስበው የመስታወቱ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ቁጣቸው አልበረደም፤ ቢሆንም የሚስታቸው ነገር ነው። ትርሲት እንዴት እንደሚጾም ልታስረዳቸው ስትል «እኔም መጾም አውቃለሁ፤ አታስተምሪኝ» አሏት። ሁለቱም ውኃና ጨው የሌለው ንፍሮ ብቻ ቀመሱ። በየአራት ሰዓቱ ጣታቸውን ሰጧት። ሰኞ ማታ ሰባ ሰባት። ማክሰኞ ጠዋት ሰባ ስድስት። ማክሰኞ ማታም ሰባ ስድስት፤ ያን ጊዜ ሽማግሌው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ደግፈው ከበሩ ማዶ ያለውን አስፋልት አዩ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ ውሻ ከማዶው ወዲህ በሩን አልፎ ገባ፣ ትንሽ አሸተተና ተመልሶ ወጣ። የሚለካው አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ሰልፉ ተጀመረ። ሰዉ ተሳድቦም ቢሆን ጾሞ ነበርና አረንጓዴው እየበዛ መጣ። ትርሲት ራሷ ሰባ ሦስት፤ ለጥቂት አለፈች። ጋሽ ሙዘይን ጣታቸውን አስገቡ።

ሰባ አራት። ቀይ።

ሽማግሌው አልጮኹም። «በቃ» አሉ ብቻ፣ እጃቸውን እያወረዱ።

«አይበቃም! ቁጭ ይበሉ» አለች ትርሲት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣቻቸው። ሳህኖቹን ፈታች። ከሰኞ ጀምሮ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ደም ተለክቶባቸዋል፤ ፊታቸው ደብዝዟል። አንድ ሺህ ጠብታ ያለፈበት ሳህን የራሱን ይጨምራል። በተጣራ ውኃ አጠበቻቸው፣ አደረቀቻቸው፣ አዲስ ጠብታ ወሰደች። አቀራርባ ለካች። አራርቃ ለካች። እንደገና ከመጀመሪያው ለካች። ከዚያ የሳህኖቹን ድርሻ አውጥታ ቀነሰች። ምንም አላጭበረበረችም፤ ማጭበርበርም አይቻልም። ጋሽ ኅሩይ እንዳስተማሯት ብቻ አደረገች።

ሰባ ሦስት።

በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ሙዘይን ከቤት ይዘውት የመጡትን ሙሉ ፔርሙዛ አንስተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩላት። «ጠዋት ለልማዴ ቀዳሁት፤ እኔ አልጠጣው። አንቺ ጠጪው፣ በዓላችሁ ነው» አሉና ወጡ። በዚያ ዕድሜያቸው አስፋልቱን የተሻገሩት እየሮጡ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ደወሉላት። «ፈርሜያለሁ። አስገብተዋታል» አሉ። ሁለቱም ስልኩን ይዘው አለቀሱ።

ዕንባዋን ጠርጋ ወደ ማዕከሉ ደወለች። ጣቷን አኖረች።

«ጠብታዎ ተስማምቷል። ቃልዎ ይመዘገባል። ይናገሩ።»

«የብሎክ ሠላሳ ሰባት መነሻ ስሕተት ነው። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የጿሚ ደም ነው እንጂ የነዋሪ ደም አይደለም።»

«ዛሬ ጠዋት ከመነሻው ጋር የተስማሙ ነዋሪዎች አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት ናቸው። ነዋሪው ወደ ራሱ ተመልሷል። ስሕተቱ ምንድን ነው?»

«ጾመው እኮ ነው የተስማሙት! ነገ ሲበሉ ተመልሰው ቀይ ይሆናሉ!»

«ነገ የማይስማማ ነዋሪ ነገ ይመዘገባል። እርስዎስ ዛሬ ተስማምተዋል?»

«አዎ፣ ግን...»

«እንግዲያው በእርስዎ ላይ የታየ ስሕተት የለም። ብቁ ሥራ። መልካም ቀን።»

ስልኩን አስቀመጠች። በመስታወቱ በኩል ሰልፉን አየች። ወሬው ብሎኩን አዳርሷል። ሱቁ ቅቤውን ከመደርደሪያ አውርዶታል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወተት እንዳይነኩ ሲቆጡ ይሰማታል። ሊቀ መንበሩ አረንጓዴ በርቶላቸው ሲያልፉ «ለምደነዋል፣ ምን አለበት!» አሏት እየሳቁ። ያ ሳቅ ከቀዩ መብራት ይልቅ አስፈራት። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ይኖራሉ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን መነሻ ከእነሱው ደም ይቀዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለምን እንደሚጾሙ የሚያስታውስ አይኖርም። ከሃያ ሦስቱ ቀዮች ሌሎቹ ጾመው ዛሬ ጠዋት አልፈዋል፤ የቀረችው መጾም የማትችለው ነፍሰ ጡሯ ናት፣ ስሟም የሚዘጋው ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ ወጥታ ነፍሰ ጡሯን ራሷ ጠራቻት፣ ሐኪሟን በስልክ አስጠየቀች፣ ዛሬን ብቻ ያለ ቅባት እንድትውል አስፈቀደች፤ ስሟ ሳይዘጋ ሳህኖቹን አጥባ ለክታ፣ እሷንም አሳለፈቻት። ያ አንድ ሰው ነው። ብሎኩ ግን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰው ነው፤ ሁሉንም እየለመነች አታስወጣም። ሰው ያስፈልጋታል። ጆሮ ያለው የማዕከል ሰው።

ሐሙስ ጠዋት በሩን ከመክፈቷ በፊት ጣቷን ለካች። ሰባ ሁለት። የፈለገችበት መሄድ ትችላለች። የጋሽ ሙዘይንን ፔርሙዛ በአዲስ ወተት ሞላችው፤ ቤቷ የቀረውን የፋሲካ ቅቤ ጨመረችበትና ጠጣችው። በየሰዓቱ ጣቷን ለካች። ሰባ አራት። ሰባ ሰባት። ሰማንያ። ቃሏን አይመዘግቡም እንጂ ቁጥሯን ይመዘግባሉ፤ አጠገቡ የበላችውን ጻፈችበት። ከቀትር በፊት ቀዩ በራ፤ በሩ በእሷ ላይ ሲዘጋ ቀጭን ድምፅ አሰማ። መዝገቡ ላይ ከስሟ ትይዩ «አንደኛ ቀን» ብላ ጻፈች።

ፈርታለች። ለማይወጣ ሰው ብሎኩ ጠባብ ነው፤ አርባ ቀን ደግሞ ረጅም ነው። ግን ቆጥራዋለች፤ አርባኛው ቀን የሚውለው በሃምሳው ውስጥ ነው፣ ጾም ሳይገባ። የማዕከሉ ሰው በአካል ይመጣል፤ ስሟን ሊዘጋ በዚህ በር ይገባል። ለመውጣት ግን እሱም እንደማንኛውም ሰው ጣቱን ይሰጣል፤ የሚለካውም በዚሁ ብልቃጥ ነው። ቁርሱን በልቶ ነው የሚመጣው።

ጋሽ ሙዘይን የተቀመጡበትን ወንበር አጽድታ ከሳህኖቹ አጠገብ አኖረችው። ቀዩ ሲበራበት መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይደውላል፣ ከዚያ ቃሉ እንደማይመዘገብ ይነግሩታል። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እሷም ለጋሽ ሙዘይን ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ ያልጠየቀቻቸውን ትጠይቀዋለች።

«ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?»